የጤና መድን ደብተር ይዞ የዓይን ሐኪም ስለ መፈለግ

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ተራ ጥያቄ ነው። የምንከራይበት ግቢ ባለቤት የሆኑትና እኛም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት አሮጊት፥ በ2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት የጤና መድን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ክፍላችን መጡ። «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ዓይኔ ጭጋግ ጭጋግ ብሎብኛል፤ ይህን ደብተር የሚቀበል የዓይን ሐኪም የት ነው የሚገኘው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ መስሎን፥ «ማታ ጠይቀን እንነግርዎታለን» አልናቸው። ነገር ግን ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ከአራት ወር በላይ ፈጀብን።

በነዚህ ወራት የተማርነው ነገር ለእማማ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፥ በቅደም ተከተል ጽፈን ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ልናቀርበው ወሰንን። እኛ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያሳየው መንገዱን ብቻ ነው። መንገዱን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን በዓይናችን ስላየን፥ ነገሩን እንደ ቀላል አንመለከተውም።

፩. የጤና መድኑ ምን ዓይነት ነገር ነው?

በአገራችን የሕዝብ የጤና መድን ሁለት መልክ እንዲኖረው ታስቧል። አንደኛው ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፥ አዋጁ ቁጥር 690/2002 ተብሎ ወጥቷል። ሁለተኛው ገበሬውን፥ ነጋዴውንና በራሱ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው የሚመለከተው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይኸኛው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የእማማ ደብተር የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ዕድርን ማሰብ ይበቃል። የዕድር አባል በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከተዋጣው ይረዳል፤ ሐዘን ያልደረሰበትም «ገንዘቤ ባከነ» ብሎ አይከራከርም። የጤና መድኑም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ዕድር ሰው ሲሞት የሚደርስ ሲሆን፥ ይህ ግን ሰው ሳይሞት እንዲደርስ የታሰበ መሆኑ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ይከፈላል። አባል የሚሆነውም ግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። መክፈል የማይችሉ ድኾች በቀበሌያቸው ሕዝብ ተመርጠው መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የመድኑ ገንዘብ በብዙ ቦታ በየወረዳው የሚተዳደር ስለ ሆነ፥ ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል የሚዋዋለው የወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ነው። ሐኪም ቤቱ አባሉን ያክማል፤ ሒሳቡን ለወረዳው ይልካል፤ ወረዳውም መርምሮ ይከፍላል። ስለዚህ ደብተሩ እንደ ገንዘብ በማናቸውም ቦታ የሚመነዘር አይደለም። እንደ ውል ወረቀት ነው፤ የሚሠራውም ውሉን በፈረሙት መካከል ነው። ውሉ በአብዛኛው ከመንግሥት ሐኪም ቤቶች ጋር በመሆኑ፥ በከተማው ዋና መንገድ ላይ ትልቅ የዓይን ሥዕል የሰቀለው የግል ክሊኒክ ደብተሩን አይቶ ቢመልሰው በክፋት አይደለም፤ የሚከፍለው ስለሌለ ነው።

፪. ዓይን የሚያክመው ማን ነው?

«የዓይን ሐኪም» ስንል አንድ ሰው ይመስለናል። በእውነቱ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ባለሙያዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ስሕተታችንም ይህን አለማወቃችን ነበር።

የመጀመሪያው በጤና ጣቢያ የሚገኝ፥ ስለ ዓይን አጭር ሥልጠና የወሰደ የጤና ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ቀይ ዓይንንና ትራኮማን ይለያል፤ ብዙ ቦታም ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን በቀላል ቀዶ ሕክምና ያስተካክላል። ሁለተኛው የዓይን ነርስ ነው፤ የማየት ኃይልን ይለካል፥ የዓይንን ግፊት ይመረምራል፥ የሚላከውንና የማይላከውን ይለያል። ሦስተኛው ኦፕቶሜትሪስት ሲሆን፥ ዋና ሥራው የማየት ጉድለትን መርምሮ የመነጽር ቁጥር ማዘዝ ነው። አራተኛው የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ከነዚህ ሌላ የዓይን ሞራን ብቻ በቀዶ ሕክምና ለማውጣት የሠለጠኑ ባለሙያዎችም አሉ።

ስፔሻሊስቶቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ «ቪዥን 2020» ባሉት ዕቅድ ለአፍሪካ አገሮች ያወጡት መለኪያ ለ250,000 ሕዝብ አንድ የዓይን ስፔሻሊስት ነበር። ወደ ገጠር በሄድን ቍጥር ከዚህ መለኪያ ምን ያህል እንደምንርቅ ማንም ሊገምት ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል የሚገኝበት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ እንዲሁም የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ሰው ግን እነዚህ የመንገዱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደሉም።

በሽታዎቹንም በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የትኛው በሽታ እንደሚታገሥና የትኛው እንደማይታገሥ ካልታወቀ የመንገዱ ርዝመት ምን እንደሚያስከትል አይታወቅም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፥ 3.7 በመቶ ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከመታወሩ ምክንያቶች 49.9 በመቶ የዓይን ሞራ፥ 11.5 በመቶ ትራኮማ ያመጣው የብሌን ጠባሳ፥ 7.8 በመቶ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል የማየት ጉድለት፥ 5.2 በመቶ ደግሞ ግላኮማ ነበሩ።

የዓይን ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። በአብዛኛው የዕድሜ ነገር ሲሆን፥ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባ ዓይኑ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ቀድሞ «ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሰውዬው ሥራውን ለመሥራት መቸገር ከጀመረ መብሰሉን መጠበቅ አያስፈልግም። ሆኖም ሞራ ይታገሣል፤ ዘግይቶ ቢወጣም ብዙውን ጊዜ ብርሃን ይመለሳል።

ግላኮማ ግን አይታገሥም። በዚህ በሽታ፥ ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ፥ ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል። ሕመም ላይኖረው ይችላል። የሚጠፋው በመጀመሪያ የዳር ዳሩ እይታ ስለ ሆነ ሰውዬው አይነቃም። የሞተው ነርቭ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ብቻ ነው። ትራኮማም በተደጋጋሚ ሲይዝ የቆቡን ውስጥ ያጠባስሰውና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ፀጉሩም ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። እናቶቻችን በወረንጦ እየነቀሉ ለጊዜው ይተነፍሳሉ፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

፫. እማማ የሄዱበት መንገድ

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና መኮንኑ በባትሪ አይቶ የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠና፥ «ካልተሻለዎት ይመለሱ» አላቸው። ሁለት ሳምንት ተቀቡት፤ ምንም ለውጥ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር የእኛው ጥፋት ስለ ሆነ ሳንሸፍን እንናገራለን። በአጎራባች ዞን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጥሩ የዓይን ሐኪም መኖሩን ሰምተን፥ ወደ ጤና ጣቢያው ሳንመለስ፥ እማማን ይዘን በሌሊት አውቶቡስ ሄድን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ካርድ ክፍል ያለው ወጣት ደብተሩን አገላብጦ አየና፥ «እናቴ፥ ደብተሩ የታደሰ ነው፤ ነገር ግን የሪፈር ወረቀት የለዎትም። ወረዳዎም ከእኛ ጋር ውል የለውም። በክፍያ ከሆነ ይታከማሉ» አላቸው።

እማማም፥ «ልጄ፥ ገንዘብ ቢኖረኝ ደብተር ምን ያደርግልኛል?» አሉት።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። እኛም በኪሳችን ያለው ለመመለሻ ብቻ የሚበቃ ስለ ነበር ተመለስን። በመንገድ ላይ እማማ አንዳች የቅያሜ ቃል አልተናገሩንም፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረን።

በማግሥቱ መጀመሪያ ልንሄድበት ወደሚገባን ቦታ፥ ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ሄድን። ውል የተዋዋሏቸው ሐኪም ቤቶች ዝርዝር እንዲነገረን ብንጠይቅ፥ ሠራተኛዋ ተነሥታ ከበሩ ኋላ ያለውን ግድግዳ አሳየችን። ዝርዝሩ በሥነ ሥርዓት ተጽፎ ተለጥፎ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ሲከፈት በሩ ይሸፍነዋል፥ ከታች ደግሞ የመዝገብ ሣጥን ተደግፎበታል። እማማ ይህን ደብተር ካወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በየዓመቱ ለማደስ በዚያ በር ገብተው ወጥተዋል። ዝርዝሩን አላዩትም፤ ያነበበላቸውም ሰው የለም። «ለዓይንም ይሆናል እንዴ?» ብለው ሠራተኛዋን ሲጠይቋት እኛም እርስዋም ዝም አልን።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መስመር ያዘ። ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላከን። እዚያ የዓይን ነርስ አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። እኛ የሄድነው ዓርብ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ነርሱ እማማን በስድስት ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ እያሳየ ለካቸው፤ የዓይናቸውንም ግፊት መረመረ። የግራውን ሁለት ጊዜ ደግሞ ለካና፥ ወረዳው ውል ወዳለበት፥ ስፔሻሊስት ወደሚገኝበት ሆስፒታል ላካቸው። በወረቀቱ ላይ «ቶሎ ይታይ» ብሎ ጻፈበት።

ስፔሻሊስቱ በጥሞና መርምረው እንዲህ ሲሉ አስረዱን። በቀኝ ዓይናቸው ያለው ሞራ ነው፤ ይወጣል። የግራው ግን ሞራ ብቻ አይደለም፤ ግላኮማ አለበት፤ ነርቩም አልቋል። ይህ የሆነው በአራት ወር ሳይሆን በዓመታት ነው። «ከሦስት ከአራት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ቀሩ። እማማም፥ «ያኔም እኮ ደብተሩ ነበረኝ» አሉ።

የቀኙ ዓይን በሦስተኛው ሳምንት ተሠራ። የሚገባው ሌንስ ያን ጊዜ በሆስፒታሉ መጋዘን ስላልነበረ ከውጭ እንድንገዛ ታዘዝን፤ እኛና የግቢው ተከራዮች አዋጥተን ገዛን። በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ እማማ ጥቂት ዓይናቸውን ካርገበገቡ በኋላ እያንዳንዳችንን በተራ ተመለከቱንና፥ «ውይ ልጆቼ፥ እንዴት ከስታችኋል! በል በሉ፥ ቤት ስንገባ ገንፎ አገነፋላችኋለሁ» አሉን። አብረውን በሚኖሩበት ሁለት ዓመት ውስጥ ፊታችንን ደኅና አድርገው ያዩት ያን ቀን መሆኑን ተረዳን።

፬. መድኑ የማይሸፍነው፥ ስለ መነጽርም ጥቂት ቃል

ደብተሩ ምርመራን፥ ቀዶ ሕክምናን፥ መኝታንና በሐኪም ቤቱ የሚገኘውን መድኃኒት ይሸፍናል። ወደ ውጭ አገር ሄዶ መታከምን፥ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረገውን ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። መነጽርም በአጠቃላይ ከማይሸፈኑት መካከል ነው። መድኃኒቱ በሐኪም ቤቱ ባይገኝ አባሉ ብዙ ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ግላኮማ ላለበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንደ ቲሞሎል ያለው ጠብታ በየቀኑ፥ ዕድሜ ልክ የሚጨመር ነውና። አንድ ወር ጠፋ ማለት አንድ ወር ነርቭ ሞተ ማለት ሊሆን ይችላል።

መነጽር አለመሸፈኑ የሚከነክነን በሌላ ምክንያት ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ጓደኛ ነበረን። ከሰሌዳው ሳይሆን ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጥ ነበር። አንድ መምህር «ሰነፍ» እያለ ብዙ ጊዜ አንበረከከው፤ እኛም ሳቅንበት። በኋላ አንድ እንግዳ ሐኪም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ የተማሪዎቹን ዓይን ቢለካ፥ ጓደኛችን የሰሌዳውን ትልቁን ፊደል እንኳ እንደማያይ ታወቀ። መነጽር ባደረገ በዚያው ዓመት በሒሳብ ትምህርት ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ። ስንፍና ያልነው የሩቁን ማየት አለመቻል ብቻ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። በሕፃንነት አንደኛው ዓይን ደኅና ሳያይ ቢቀር፥ አንጎል ያን ዓይን መጠቀም ይተወዋል። ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ መነጽር ቢያደርግም ዓይኑን ሙሉ በሙሉ መመለስ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ምርመራው በደብተር ተሸፍኖ መነጽሩ ግን ካልተሸፈነ፥ ለድኻው ልጅ የተጻፈለት ቁጥር በኪስ የሚቀር ወረቀት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ የማየት ችግር ካለባቸው ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች ውስጥ ቢያንስ 1 ቢሊዮኑ ሊከላከሉት ወይም ሊታከም ይችል የነበረ፥ ነገር ግን ያልታከመ ችግር እንዳለባቸው ገልጧል። ከነዚህም ውስጥ መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋቸው እጅግ ብዙ ናቸው።

ዕድሜያችን 18 ዓመት የሞላን ተማሪዎችም አንድ ነገር እናስታውስ። በብዙ ቦታ በወላጆች ደብተር ያለ ተጨማሪ መዋጮ የሚታቀፉት ከ18 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ናቸው። ስለዚህ «አባቴ ደብተር አለው» ብሎ የሚተማመን ተማሪ ስሙ በደብተሩ ላይ መኖሩን አስቀድሞ ይመልከት።

፭. ትክክለኛው መንገድ በቅደም ተከተል

እማማ ለጠየቁን ጥያቄ ዛሬ ብንመልስ እንዲህ እንላለን።

አንደኛ፥ ዓይን ከመታመሙ በፊት ደብተሩ መታደሱንና የቤተሰቡ ሁሉ ስምና ፎቶግራፍ በላዩ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጊዜው ያለፈበት ደብተር በሆስፒታል በር ላይ ምንም አይጠቅምም።

ሁለተኛ፥ ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሦስት ነገር መጠየቅ፤ ውል ያላችሁ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ነው? ከነዚያ ውስጥ የዓይን ክፍል ያለው የትኛው ነው? ስፔሻሊስት ያለውስ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ይመለሳል። ውል ያለው ሆስፒታል ሁሉ የዓይን ክፍል የለውም፤ የዓይን ክፍል ያለው ሁሉም ውል የለውም። የሚፈለገው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፥ ከጤና ጣቢያ መጀመር። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር፥ ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ዋጋ ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። የዚህ ሥርዓት ዓላማ ሰውን ማንገላታት አይደለም፤ በቅባት የሚድን ቀይ ዓይን የስፔሻሊስቱን ቀን እንዳይወስድ ነው። ነገር ግን ታማሚው «በቅባቱ አልተሻለኝም» ብሎ የመመለስና የሪፈር ወረቀት የመጠየቅ መብት አለው። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ የዚያን ሌሊት ጕዞ ባልሄድን ነበር።

አራተኛ፥ ከመሄድ በፊት የዓይን ክፍሉ የሚሠራበትን ቀን መጠየቅ። ደብተሩ የአውቶቡስ ዋጋ አይከፍልም፤ አንድ ከንቱ ምልልስ ለገበሬ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ታማሚው አረጋዊ ከሆነ የሚመራው ሰው ቀንም አብሮ ይጠፋል።

አምስተኛ፥ በየጊዜው በየአካባቢው የሚደረገውን የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መጠየቅ። ቡድኑ ወደ አንድ ሐኪም ቤት መጥቶ በጥቂት ቀናት ብዙ ሰው በነፃ ያክማል። የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምናም በትራኮማ መከላከያው ሥራ በኩል ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። ለነዚህ ደብተር እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ስድስተኛ፥ የማይጠበቁ ነገሮች አሉ። ዓይን ሲወጋ፥ በድንገት ብርሃን ሲጠፋ፥ ብርቱ ሕመም ከማስመለስ ጋር ሲመጣ፥ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ሲታይ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል። ኖራ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ቢገባ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እዚያው በንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ፥ ከዚያ በኋላ መሮጥ ነው። ወረቀት ኋላ ይደርሳል፤ ዓይን ግን ኋላ አይደርስም።

ሰባተኛ፥ የጎረቤትን ጠብታ አለመዋስ። ቅላትን ቶሎ የሚያጠፉ፥ በውስጣቸው ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች አሉ። እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲጨመሩ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው ግላኮማ ሊያመጡ፥ ሞራንም ሊያፋጥኑ ይችላሉ። ዓይኑ ነጭ ሆኖ ያማረ እየመሰለ ከውስጥ ይጠፋል።

መደምደሚያ

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል፥ በእማማ ላይ የደረሰው ጉዳት ከአንድ ሰው ክፋት የመጣ አይደለም። የጤና መኮንኑ ያለውን ሰጠ፤ የካርድ ክፍሉ ወጣት ደንቡን ተከተለ፤ የዓይን ነርሱ በሁለት ቀን የአንድ ሳምንት ሥራ ይሠራል፤ የመድን ሠራተኛዋ ዝርዝሩን ለጥፋለች። ሁሉም በየቦታው ነበረ። የጎደለው አንዱን ከአንዱ የሚያገናኝ ቃል ነው። ስድስት ዓመት የከፈሉ ሴት ደብተራቸው ለዓይን እንደሚሆን አለማወቃቸው የገንዘብ ጉድለት አይደለም፤ የመንገር ጉድለት ነው። ስፔሻሊስት ለማሠልጠን ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ወረቀትን ከበር ኋላ አንሥቶ ከበር ፊት ለመለጠፍ ግን አንድ ቀን ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። የመጀመሪያው፥ ደብተር በሚታደስበት ሰሞን ሕዝቡ በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ፥ ዕድሜው ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ዓይኑን አስሸፍነው በሌላው ጣት እንዲቈጥር ቢያደርጉት መልካም ነው። ይህ የግላኮማ ምርመራን አይተካም፤ ነገር ግን የደከመውን ዓይን ቀድሞ ያሳያል፥ ሰዎቹንም ደብተራቸው ለዓይን እንደሚሆን ያስታውሳቸዋል። ሁለተኛው ለእኛው ለተማሪዎች ነው። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ የወረዳችንን የውል ዝርዝር ገልብጠን፥ የዓይን ክፍል ያለውን ሆስፒታልና የሚሠራበትን ቀን ጠይቀን ብንመለስ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ የብዙ ወረዳዎች ዝርዝር በዚህ መጽሔት ሊወጣ ይችላል። እኛ የወረዳችንን ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ገልብጠን ለዕድሩ ዳኛ ሰጥተናል፤ በዕድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል።

እማማ ዛሬ ቡናቸውን ራሳቸው ይለቅማሉ። በግራ በኩል የመጣባቸውን ሰው ግን አያዩትም፤ ስለዚህ በግቢው ውስጥ ስናልፍ ሁልጊዜ በቀኛቸው በኩል እንድንሄድ ተስማምተናል። በየሦስት ወሩም ግፊታቸውን ለማስለካት አብረናቸው እንሄዳለን፤ የሪፈር ወረቀቱን ግን ከእንግዲህ ወዲህ አንረሳም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉድለት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስ ይለናል።